በሁለት ዘፈን መሃል

መነጽር ሠሪዋ ያን ቀን ጠዋት ወንበር ላይ ተቀመጠች ለማለት ይከብዳል። አረፍ ትልና ትነሳለች። ላፕቶፑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ሲያጓራ እሷ መስኮት ጋ ሄዳ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ ማውሱን ነካ ታደርጋለች፣ ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄዳ የአባቷ በር ላይ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች። ታላቅ ወንድሟ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ ብሏል። አመጣጡ ደግሞ ለጥየቃ አይደለም፤ የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፎ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ትራስ ደርቦ ነው የሚመጣው። ይህን ትናንት ራሱ በስልክ ነግሯታል፣ ያውም ደስ ይበልሽ በሚል ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሹፌሩ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። አሁን ግን እግር የሚያስር በሽታ ይዟቸዋል። ሕመም የለው፣ ጉልበትም አላነሳቸው፤ ብቻ እየሄዱ ሳሉ መሃል ቤት ላይ እግራቸው ወለሉን ሙጥኝ ብሎ ይቀራል። ሂድ ቢሉት አይሄድ፣ ቢለምኑት አይሰማ። ሰውየው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የገዛ እግራቸውን ቁልቁል እያዩ ይቆማሉ።

እግር የሚያለማምደው ሐኪም ነው መላውን የሰጣት። «ምት ያለው ሙዚቃ ክፈችላቸው፤ እግር ከጭንቅላት ትእዛዝ ሲቀርበት ከጆሮ ይቀበላል» አላት። እሷ አላመነችም ነበር። ወግ ይድረሰኝ ብላ ሞክራ ስታየው ግን አባቷ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት በዘፈኑ ምት ዱብ ዱብ እያሉ ሄዱ። ያን ቀን ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ታዲያ በስልክ አትከፍችላቸውም ወይ የሚል ብልጥ አይጠፋም። ሞክራለች። የሚንቀጠቀጥ ጣት የስልክ መስታወት ላይ ሲያርፍ አንዴ ዘፈኑን ይዘጋዋል፣ አንዴ የማይፈልጉት ሰው ጋ ይደውላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጥርስ ሐኪም ጋ ደውለው፣ ሀፍረት ይዟቸው ቀጠሮ ይዘው ቁጭ አሉ፣ ጥርስ እንኳ በወጉ ሳይኖራቸው። የመኝታ ቤቱ አሮጌ ቴፕ ግን ትልልቅ ቁልፍ አለው፤ በጡጫም ቢመቱት ይከፈታል። ቴፑ የሚበላው ሲዲ ብቻ ነው። ስለዚህ መነጽር ሠሪዋ፣ ዓለም ሁሉ ትቶት ሲያበቃ፣ ሲዲ መቅዳት ተማረች።

ወንድሟ መድን ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። ይህን ዓለም የሚያየው «ምን ሊደርስ ይችላል» በሚል ዓይን ብቻ ነው፤ ኬክ ቢያቀርቡለት መጀመሪያ የሚታየው ሻማው ነው። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ ቢወድቅስ?» አላት ትናንት። «እኔ ጋ ደረጃ የለ፣ ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋ። እስከ መቼ ትችይዋለሽ?»

«መጥተህ እይ ጋሼ» አለችው። «ካልጋው ይነሳል፣ ራሱ ቴፑን ይከፍታል፣ መታጠቢያ ቤት ደርሶ ይመለሳል።»

«ያለ አንቺ?»

«ያለ እኔ።»

«እሺ። ደርሶ ከተመለሰ አፌን እዘጋለሁ። ካቃተው ግን ነገ ዛሬ የለም፣ ይዤው ነው የምሄደው።»

አባቷ ይህን ስትነግራቸው ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ከዚህ ቤት የምወጣው በእግሬ ነው» አሉ። «እግሬ ደግሞ እምቢ ብሏል።» ቀለዱ እንጂ ሻዩን አልጨረሱትም። እዚህ ቤት ሚስት አግብተዋል፣ ልጆች አሳድገዋል፣ ሚስታቸውንም ከዚህ ቤት ነው የሸኙት። ጨለማ ውስጥ እጃቸውን ሲዘረጉ መብራቱ የት እንዳለ የሚያውቁበት ሌላ ቤት የላቸውም።

ጣጣው ያለው በሁለት ዘፈን መሃል ነው። ይህ ፕሮግራም ሲዲ ሲቀዳ በየዘፈኑ መሃል ሁለት ሰከንድ ዝምታ ያስገባል። ማን አዘዘው ቢሉ፣ ማንም። ለሌላው ሰው ሁለት ሰከንድ ምኑም አይደለች፣ ጉሮሮ መጥረጊያ ናት። ሹፌሩ ግን ዘፈኑ ሲያልቅ እሳቸውም ያልቃሉ። ወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሲደርሱ፣ አንዱ እግር ቀድሞ አንዱ ቀርቶ፣ ክችም ይላሉ። ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር ደግሞ ምቱ ሌላ ነው፤ የቆመ እግር ከየት ይያዘው።

«ምን ሆነህ ነው አባባ?» ትላለች እሷ።

«ቀይ መብራት ይዞኝ ነው» ይላሉ። ይቀልዳሉ እንጂ ጀርባቸው በላብ ይርሳል፤ ሸሚዛቸውን የምታጥበው እሷ ስለሆነች ታውቃለች።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ከሥራዋ ቀርታ ያቺን ሁለት ሰከንድ ልታጠፋ ነው የተነሳችው። ፕሮግራሙ በነጻ የወረደ ነው፤ በነጻ የወረደ ነገር ደግሞ ጠባዩ አይታወቅም። «ማስተካከያ» የሚለውን ስትከፍት ሌላ ማስተካከያ ይመጣል፤ ያንን ስትከፍት ቀለሜን ልቀይርልሽ ወይ ይላታል። ሰው እንዲህ ተጨንቆ እሱ ስለ ቀለም ያወራል። ብቻ ስትፈልግ ስትፈልግ «ክፍተት» የምትለዋን ቃል አንድ ጥግ ላይ ተወትፋ አገኘቻት። ዜሮ አደረገቻት። ላሜ ወለደች ብላ አንድ ሲዲ ቀዳችና ይዛ ሮጠች።

አባቷ ተነሱ፣ ቴፑን ከፈቱ፣ ሄዱ፣ ወጥ ቤቱ በር ጋ ቆሙ። ያው።

ተመልሳ ብታዳምጠው ለካ ዘፈኖቹ ራሳቸው መጨረሻቸው ላይ እየሳሱ እየሳሱ ነው የሚጠፉት። ዝምታው ከፕሮግራሙ ቢወጣም ከዘፈኑ አልወጣም። ዕዳው ገብስ ነው ብላ የየዘፈኑን ጅራት መቁረጥ ጀመረች፤ የመነጽር መስታወት እንደምትሞርደው፣ ጥቂት ጥቂት እያለች። ይህን ስታደርግ ፕሮግራሙ አፍ አውጥቶ «ላደራርብልሽ ወይ?» አላት፤ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ እንዲጀምር። እሰየው አለች። አደራርብ አለችው።

የዚህኛውን ፍዳ ማየት ነበር። ሹፌሩ በመጀመሪያው ዘፈን ደህና መጡ። ሁለተኛው ከሥር ብቅ ሲል አንድ እግራቸው የሚሄደውን ዘፈን ያዘ፣ ሌላው የሚመጣውን። ተጠላለፉ። የጫማ መደርደሪያውን ባይዙ ኖሮ ወለሉ ላይ ነበሩ። መነጽር ሠሪዋ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም፤ ስትደርስ ክንዳቸውን ይዛ ነው ራሷን ያገኘችው።

«ልጄ» አሉ ሹፌሩ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሁለት ሹፌር በአንድ መሪ አስቀመጥሽብኝ።»

እሷ ግን ለሳቅ ጊዜ የላትም። መስኮት ጋ ሄዳ መንገዱን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሦስተኛው ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ አንድ ዘፈን ብቻ መርጣ ጅራቱን ከራሱ ጋር እያጋጠመች ሲዲው እስኪሞላ ድረስ ደጋገመችው። ምት አይቀየር፣ ዝምታ የለ። ቀዳችው፣ ወሰደችላቸው። አባቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ደግነው አዳመጡ። ዘፈኑ አለቀና እንደገና ጀመረ። እንደገና አለቀና እንደገና ጀመረ። ሹፌሩ እጃቸውን ዘርግተው ቴፑን በጡጫ ዘጉት።

«ለተሳፋሪ እንኳ አንድ ዘፈን ሁለቴ አሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ለራሴ ነው የማሰማው?»

«አባባ፣ ለዛሬ ብቻ።»

«ዛሬ ብለሽ ነገም ትደግሚዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ይቺ ሴትዮ ስታለቅስ ልሰማ? ምን በደልኳት?»

«እንግዲህ ምረጥ» አለች መነጽር ሠሪዋ ደሟ ፈልቶ፣ «ወይ በዚህ ትሄዳለህ፣ ወይ ይወስድሃል!»

አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ፣ ጣታቸው እምቢ አላቸው፣ ተዉት። እሷ ቀርባ ቆለፈችላቸውና ምንም ሳትል ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ በራሷ አፍራ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። ደክሟታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ባይኗ ከዞረ ቆይቷል፤ ቤቱ ዝም ካለ አባባ ቆሟል ማለት ነው ብላ ትነሳለች፣ ኮቴ ከሰማችም ይወድቃል ብላ ትነሳለች። ወንድሟ ትናንት «ይዤው ልሂድ» ሲል ሆዷ ውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ «ይውሰደው» ብላለች። ያቺን ድምፅ ጠላቻት። ሌሊቱን ሙሉ አፏን ልትዘጋት ስትታገል አደረች፣ ያቺ ድምፅ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ዛሬም እዚያው ናት። እንግዲህ መነጽር ሠሪዋ ከፕሮግራሙ ጋር ብቻ አይደለም የምትታገለው።

ግራ ሲገባት ባዶ ሲዲ ወደሚሸጥላት ሰውዬ ደወለች። ይህ ሰው ለሁሉም ነገር አንድ መድኃኒት አለው። «አጥፍተሽ አብሪው» አላት።

«ማጥፋት ማብራቱ አይደለም ችግሩ። ዘፈኖቹ ምታቸው አንድ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው።»

«እኮ፣ አጥፍተሽ አብሪውና ከዚያ ምት የሚል ፈልጊ» አላት፤ ደንበኛ ከፊቱ ቆሞበት ነበር መሰለኝ ዘጋባት።

ልብ አውልቅ ነው፤ ግን አልዋሸም። አጥፍታ አበራችው። ምት የሚልም ነበረ። ዘፈኑ ሲጫወት የላፕቶፑን ረጅም ቁልፍ በምቱ መምታት ነው፤ ፕሮግራሙ ይቆጥርና ዘፈኑን እዚህ ላይ ላምጣልሽ ወይ ይላል። መነጽር ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብላ ተቀመጠች። የፈጠነውን ጎተተች፣ የዘገየውን ገፋች፣ ሁሉንም በአባቷ እርምጃ ልክ አደረገቻቸው። አንዱ ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው መሰለ፤ ሌላዋ ባቡር ያመለጣት ይመስል ተጣደፈች፤ ግድ የላትም። ከዚያ የአንዱን የመጨረሻ ምት ከሌላው የመጀመሪያ ምት ጋር ክንድና ክንድ አያያዘቻቸው።

ድምፁን ከፍ አድርጋ ራሷ ኮሪደሩን ተራመደችው። ሄደች፣ ተመለሰች። ዘፈን አልቆ ዘፈን ሲጀምር እግሯ አላወቀውም። አባቷ ከክፍላቸው ሆነው «ይኼ ጥሩ ነው!» አሉ። ከዚያ ጭቅጭቅ ወዲህ ያናገሯት ይህን ብቻ ነው። ነፍሷ መለስ አለች።

ቀዳችው። ቴፑ ላይ አድርጋ ከፈተችው። የድሮው ነው። ሁለት ሰከንዱም አለ፣ የሚሳሳው ጅራትም አለ፣ ጉንፋን የያዘውም ሰውዬ ድኗል። መነጽር ሠሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። አባቷ ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረጉላት።

ምክንያቱን ለማግኘት ምሳ ሳትበላ ቀረች። ለካ ይህ ፕሮግራም ሲጠፋና ሲበራ የጠዋቱን ማስተካከያ ሁሉ ይረሳል፤ በምት ያስተካከልሽውን ደግሞ ራሱን ብቻ ነው የሚያዝናናበት። ሲዲ ላይ እንዲወርድ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ደምሪና አዲስ ፋይል አድርገሽ አስቀምጪ፣ የምትቀጂው ያንን ነው። ይህን የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የትም ቦታ አላስቀመጡም። ይህን ፕሮግራም የሠራ ሰው አባት የለውም ወይ ያሰኛል። ደመረችው። አስቀመጠችው። ያስቀመጠችውን ከፍታ አዳመጠችው፣ ልክ ነው። ባዶ ሲዲዎቹን ያስቀመጠችበትን ዕቃ ብትከፍት የቀረው አንድ ነው። አንድ ይበቃል አለች።

ሲዲውን ላፕቶፑ ውስጥ ጨምራ ልትጀምር ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ደርሻለሁ» አለ ወንድሟ። «መኪና ማቆሚያ እየፈለግኩ ነው።»

ፕሮግራሙ በምን ፍጥነት ልቅዳልሽ ይላል። ሁልጊዜ ዘገምተኛውን ነው የምትመርጠው፤ አሮጌ ቴፕ በጥድፊያ የተቀዳ ሲዲ አይቀበልም፣ ይህን በወጉ ታውቃለች። ግን ዘገምተኛው ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ ነው፣ ሰውየው ደግሞ መኪና እያቆመ ነው። እጇ ፈጣኑን ነካ። ላፕቶፑ ልነሳ ልብረር አለ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ሲዲው ሲወጣ ጣት ያቃጥላል። ሮጣ ቴፑ ውስጥ ጨመረችው። ልትሞክረው ቁልፉ ላይ እጇን ስታሳርፍ የደጁ በር ተንኳኳ።

«ሂጂ ክፈቺለት» አሉ ሹፌሩ። ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «እኔ ዝግጁ ነኝ።»

ወንድሟ ገብቶ አቀፋት፣ ከስተሻል ብሎ ተቆጣት፣ ከአባቱ ጋር ተሳሳመ፣ መጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበር ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፦ ወዲህ የመኝታ ቤቱ በር፣ መሃል ላይ ወጥ ቤቱ፣ ወዲያ መታጠቢያ ቤቱ። ሻይ ላምጣ ብትለው አይ አለ። የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ነው።

«እንግዲህ ልነሳ?» አሉ አባትየው ከውስጥ።

«ተነስ አባባ» አለ ወንድሟ።

አልጋው ተንጫጫ። የቴፑ ቁልፍ ቀጭ አለ። ሲዲው ሲሽከረከር ይሰማል፤ ዝዝዝ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ዝዝዝ ይላል። ዘፈን የለም። ቁልፉ ደግሞ ቀጭ አለ። ዝዝዝ። መነጽር ሠሪዋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲዲው ጣቷን ያቃጠላት አሁን ይመስላታል።

ሹፌሩ ግን ተጠባባቂ ሰው አይደሉም። ያለ ዘፈን ተነሱ። ሦስት አራት እርምጃ ደህና መጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ አንዱ እግር ከደፉ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ቆሙ።

«ዘፈኑስ?» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

«ቸኩዬ ነው የቀዳሁት። ቴፑ አልተቀበለውም።» ልትነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ያለ አንቺ ተባብለናል» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እሷ ተመልሳ ተቀመጠች።

ይህ ሰው አባቱ እግራቸው ሲታሰር በወሬ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በስልክ «ቆመ» ሲባል እንደማንኛውም ሰው የቆሙ ነው የሚመስለው። አሁን አየ። ትልቁ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ አውቶቡስ በየኩርባው ያጠማዘዙት ሰውዬ፣ አንድ ደፍ አቅቷቸው የገዛ ጫማቸውን ቁልቁል ያያሉ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ እግራቸው አይነሳም። ቀና ብለው ልጆቻቸውን አላዩም፤ አፍረው ነው። መነጽር ሠሪዋ እጇን በጭኖቿ መሃል ከተተች፣ ሮጣ እንዳትይዛቸው።

ወንድሟም ማየት አልቻለም። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ያ የያዘው ቁልፍ በእጁ ሆኖ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ቋ። ቋ። ቋ። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፣ ራሱም አያውቀውም።

ሹፌሩ ቀና አሉ። ከደፉ ወዲያ የቀረው እግር ተነሳ።

አባቷ ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ቋ ሲል ቀኝ፣ ቋ ሲል ግራ። ወንድሟ የኮቴ ድምፅ ሰምቶ ዘወር አለ። ፊቱ በራ። «ይኸው፣ መጣ እኮ!» አለና እጁን አነሳ። አባትየው ወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ክችም አሉ።

«አታቁም» አለችው።

«ምኑን?»

«እጅህን፣ ጋሼ። እጅህን አታቁም።»

እጁን አየው። ቁልፉን አየው። አባቱን አየ። ሲገባው ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ አሁን እያወቀ፣ እየተጠነቀቀ፣ አንዱ ምት ከሌላው እንዳይበልጥ እየፈራ። አባትየው ሄዱ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈቱ፣ ገቡ፣ ዘጉት። ወንድሟ አሁንም ይመታል።

«ገብቷል እኮ፣ እጅህን አሳርፍ» አለችው።

«ቢፈልገኝስ?» አለና መምታቱን ቀጠለ። እንባው እየወረደ ነው፤ የሚጠርግበት እጅ አጥቶ ፊቱን በትከሻው አበሰ። «እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየቀኑ ነግሬሃለሁ።»

ነግራዋለች። እሱ «አይዞሽ» እያለ ስልኩን ሲዘጋ ነው የከረመው፣ በመጨረሻ ሲጨንቀው ፍራሽ አንጥፎ መጣ።

ውሃ ወረደ። በሩ ተከፈተ። አባትየው በቁልፉ ምት ወጡ፣ እጃቸው እርጥብ ነው። እየተራመዱ፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ሳይነቅሉ፣ ጠየቁት።

«ልትወስደኝ ነው አይደል የመጣኸው?»

እጁ ቆመ። ኮሪደሩ መሃል፣ ወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ አባትየውም ቆሙ።

ለወንድሟ የሚቀለው አሁን ነበር፤ አቃተው ተብሎ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው፣ ፍራሹም መኪናው ውስጥ ነው። መነጽር ሠሪዋ ያቺን ትንሽ ድምፅ ጠበቀቻት። መጣች፤ ይውሰደው አለች፣ እንዳለችው። ግን ከሥሯ ሌላ ነገር ነበር፣ ከእሷ የሚበልጥ። አባቷ ከሌሉ ይህ ቤት ዝም ሲል ለምን ትነሳለች? ዝም ብሎ ዝም ይላል። ፈራች። አትውሰደው ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ሹፌሩ መሃል ቤት ቆመው እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከእግራቸው ይልቅ ግን ዓይናቸው ነው መልስ የሚጠብቀው።

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጎን ገፋው። መዳፉን ዘረጋ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፣ ደግሞ መታው፣ ደግሞ መታው።

«አልወስድህም፣ አባባ» አለ። «ግባ ወደ ቤትህ።»

አባትየው ገቡ። ደፉ ላይ ትንሽ ዘግየት ሲሉ ልጃቸው ጠንከር አድርጎ መታላቸው፣ ተሻገሩት። የአልጋው ሽቦ ሲንጫጫ ሁለቱም ሰሙ። እህቱ እጁን በእጇ ልትይዘው ዘረጋች፤ እሱ ግን ገና ይመታ ነበር።